ስንት ጊጋ ነው?

በነገሌ ቦረና ከተማ፥ ቀትሩ በርትቶ ሰው ሁሉ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠግቶ ሻዩን በሚጠጣበት ሰዓት፥ አንድ ሰው አዲስ ላፕቶፕ በብብቱ ሸጕጦ ብቅ ያለ እንደ ሆነ፥ የአገሩ ልማድ አስቀድሞ ሰላሙን፥ ቀጥሎ ቤተ ሰቡን፥ ከዚያም ከብቱንና ዝናሙን አንድ በአንድ መጠየቅ ሆኖ ሳለ፥ ዛሬ ዛሬ ይህ ሁሉ ታልፎ፥ ሰውዬው ከወንበር እንኳ ሳይቀመጥ የሚወረወርበት ጥያቄ «ስንት ጊጋ ነው?» የሚል ብቻ ሆኗል።

ጠያቂው መልሱን ምን እንደሚያደርግበት መርምሬ አልደረስሁበትም። «ዐሥራ ስድስት» ቢሉት ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል፤ «ስምንት» ቢሉት ዝም ይላል፤ «አራት» ያሉት እንደ ሆነ ግን ከንፈሩን መጥጦ፥ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፥ «አይዞህ፥ ለጊዜው ይሁን» ብሎ ያጽናናል። የተጽናናውም ሰው ያን መሣሪያ የገዛው የዓመት ፈቃድ መጠየቂያና የስብሰባ ቃለ ጕባኤ ሊጽፍበት፥ ማታ ማታም የዘመዱን ሠርግ ቪዲዮ ሊያይበት እንደ ነበረ ዘንግቶ፥ ሻዩን ሳይጨርስ፥ ልቡ ተሰብሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቀድሞ ሰው በመዓርጉ ይጠራ ነበር። ግራዝማች፥ ቀኛዝማች፥ ፊታውራሪ የሚባለው ሁሉ ከቀረ ወዲህ፥ ትምክሕት ማደሪያ አጥታ ስትንከራተት ቈይታ፥ በመጨረሻ ከካርቶን ላይ በተጻፈ ቍጥር ውስጥ ገብታ ዐረፈች ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ አሁን በየመሥሪያ ቤቱ «ባለ ኮር አይ ሰቨኑ» ሲባል ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይህን ጠባያችንን ከእኛ ይልቅ አጥንተውታል። ከመካከላቸው በአንዱ ደጃፍ ቁመቱ ከስንዝር ብዙም የማያልፍ፥ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚብለጨለጭ ስፒከር ተቀምጦ፥ በካርቶኑ ላይ በደማቅ ቀለም «10000 ዋት» ተብሎ ተጽፎ አየሁና ባለ ሱቁን ወጣት ጠየቅሁት።

«ልጄ፥ ይህ ቍጥር ምንድን ነው?»

«ኃይሉ ነዋ ጋሼ!»

«ከየት አመጣው?»

«ከፋብሪካው ነዋ!»

«መብራቱንስ ከየት ያገኛል?»

«በዩኤስቢ ነው፤ ላፕቶፕዎ ላይ ይሰኩታል።»

ነገሩን ለመመርመር ሊቅነት አይጠይቅም። የተለመደው የዩኤስቢ ቀዳዳ በ5 ቮልት ግማሽ አምፔር፥ ማለት 2.5 ዋት እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ 2.5 ዋት በልቶ 10000 ዋት የሚያወጣ ዕቃ ከተገኘ፥ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ ወዲህ እንዲህ ያለ ተአምር ተደርጎ ስለማያውቅ፥ ስፒከሩ ከሱቅ ደጃፍ ተነሥቶ በዕቃ ቤት ከንዋያተ ቅድሳቱ ጋር ሊቀመጥ ይገባዋል። ከነገሌ ብዙም ሳይርቅ በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ የማመንጨት ዐቅሙ 254 ሜጋ ዋት ነው፤ የካርቶኑን ቃል አምነን ሒሳቡን ብንሠራው፥ ከእነዚህ ስንዝሮች 25400 ያህሉ በአንድ ሌሊት ሠርግ ላይ ቢከፈቱ ግድቡን ሙጥጥ አድርገው ይጨርሱታልና፥ በማግሥቱ መብራት ቢጠፋ ጥፋቱ የሙሽሮቹ እንጂ የሌላ የማንም አይሆንም።

ቍጥሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው እንዳይባል ከጐኑ በጥቃቅን ፊደል «ፒ ኤም ፒ ኦ» ተብሎ ተጽፏል። ይህም ስፒከሩ ሊቃጠል ሲል፥ ከዐይን ጥቅሻ በምታንስ ቅጽበት፥ ሊያወጣ ይችል ይሆናል ተብሎ የሚገመተውን ኃይል የሚናገር ሲሆን፥ የታወቀ መስፈርት ስላልወሰነው እያንዳንዱ አምራች እንደ ኅሊናው ስፋት የሚሞላው ቍጥር ነው። ስፒከሩ ሳያቋርጥ የሚሸከመውን ኃይል የሚነግረን «አር ኤም ኤስ» የሚሉት ሌላው ልክ ነው፤ እርሱ ግን ስለሚያንስ በካርቶኑ ሆድ ሥር ይጻፋል፥ ወይም ጨርሶ አይጻፍም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካርቶንም ዞሮ ዞሮ ወረቀት ነው።

እንኪያስ ዋቱ እውነተኛ ሆኖ ቢጨመርስ? ያን ጊዜም ቢሆን ጆሮ በነጋዴ ቈጠራ አትገዛም። 10 ዋት የነበረውን ወደ 20 ብናሳድገው የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይኸውም ልብ ብሎ ያዳመጠውን ሰው «ትንሽ ጨመር ያለ ይመስላል» ከማሰኘት አያልፍም። ሰሚ ሁሉ «እጥፍ ሆነ» ብሎ እንዲመሰክር 10 ዴሲቤል ያህል ያስፈልጋል፤ ለዚያም 10 ዋቱ 100 መሆን አለበት። በአንጻሩ፥ በአንድ ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በዚያው አንድ ዋት 84 ብቻ ከሚሰጠው ጋር ቢወዳደር፥ ሁለተኛው አራት እጥፍ ኃይል ካልተመደበለት አይደርስበትም፤ ነገር ግን ሴንሲቲቪቲ የሚሉትን ይህን ልክ በደማቅ ቀለም የጻፈ ካርቶን በቆላው ከተሞች ሁሉ አላጋጠመኝም።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፥ ከእነዚሁ ከተሞች በአንዲቱ ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው ለቤተ ክርስቲያናቸው ባለ ብዙ ዋት የድምፅ ማጉያ አስመጡ። ዲያቆኑም የማጉያውን ቍልፎች ሁሉ አንድም ሳይቀር እስከ መጨረሻው አዞራቸው። ግድግዳው ሲሚንቶ፥ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበርና፥ «እግዚኦ» ሲባል የፊተኛው «እግዚኦ» ከጣሪያው ሳይወርድ የኋለኛው እየደረሰበት፥ ሦስተኛውም በሁለቱ ላይ እየተነባበረ፥ የማኅሌቱ ቃል ከጸናጽሉና ከከበሮው የማይለይ ጕርምርምታ ሆነ። ግዕዙን፥ ዕዝሉንና አራራዩን ያለ ማይክራፎን ሲያዜሙ ያረጁት መሪጌታ ከአገልግሎቱ በኋላ ዲያቆኑን ጠርተው፥ «ልጄ፥ ድምፄንስ አገነንኸው፤ ቃሉን ግን ወዴት ጣልኸው?» ቢሉት፥ «መሪጌታ፥ ሁለት ስፒከር ቢጨመር ይጠራ ነበር» ብሎ መለሰላቸው።

ሁለቱም ተጨመሩ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የደረሰባቸውን ድምፅ መልሰው የሚወረውሩ፥ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ግን ውጠው የሚያስቀሩ መሆናቸውን የተናገረ አንድ ሽማግሌ በስብሰባው ነበረ፤ ነገር ግን መጋረጃ ስንት ዋት እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልስ ስላልነበረው አሳቡ ሳይጸድቅ ቀረ። አሁን መሪጌታው ከማይክራፎኑ ገለል ብለው ይቆማሉ፤ ቃሉን መስማት የሚፈልጉትም ሰዎች ቀስ እያሉ ወደ እርሳቸው መጠጋት ጀምረዋል።

ከዋት ቀጥሎ ደግሞ «ሃይ ሬዞሉሽን» የሚሉት መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን ለገበያ ሲያወጡ በሰከንድ 44100 ጊዜ ድምፁን እየለካ በ16 ቢት እንዲመዘግብ ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሰው ጆሮ፥ ያውም የወጣቱ፥ የሚሰማው ከ20 እስከ 20000 ኸርዝ ያለውን ንዝረት ሲሆን፥ አንድን ንዝረት በትክክል ለመመዝገብ ከእጥፉ ጥቂት ከፍ ያለ ልኬታ እንደሚበቃ የታወቀ ሕግ ነው። ዛሬ ግን 96 ሺህ፥ 192 ሺህ የሚል ምልክት የሌለበት የጆሮ ማዳመጫ እንደ ነውር ይቈጠራል። ከ44 ሺሁ በላይ የተጨመረው ሁሉ ለሌሊት ወፍ እንጂ ለአዳም ልጅ አይሰማም። የባሰው ግን ሰው በዕድሜ ሲገፋ አስቀድሞ የሚሰወርበት ቀጭኑ ድምፅ ነውና፥ በወጣትነቱ ጆሮ ነበረው ገንዘብ አልነበረውም፤ ገንዘቡን ባገኘ ጊዜ ደግሞ ጆሮው ትቶት ሄደ።

ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ የላቀውን ቅጂ አንድ ጊዜ እንዳለ፥ አንድ ጊዜ በሲዲ ልክ አሳልፈው እያሰሙ፥ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አድማጮችን ጠየቁ። ከ554 ግምት ትክክል የሆነው 276 ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ መገመትም ከዚህ አያንስም። ጆሹዋ ራይስ የተባለ ሌላ ሊቅ በ2016 እ.ኤ.አ. የብዙዎችን ሙከራ ሰብስቦ ቢደምረው ትክክለኛው ግምት ከመቶ 52.3 ሆኖ አገኘው፤ እንግዲህ ለዚያች ለሁለት ነጥብ ሦስት ስንል ከብት እንሸጣለን ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት ለሐሜት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰው ወጣት በዚያ ማዳመጫ የሚሰማው ምን እንደ ሆነ ደግሞ ጠይቁት። ከካሴት ወደ ኤም ፒ ስሪ ተጨምቆ፥ ከዚያም ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ፥ ከዩቲዩብ ወርዶ እንደ ገና ተጨምቆ፥ ከሙዚቃ ቤት በሚሞሪ ተጭኖ፥ በመጨረሻም በብሉቱዝ አየር ላይ አንድ ጊዜ የተጨመቀ ዘፈን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

ደግሞም ካሴት ተናቀ እንጂ ውለታው አልተከፈለም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ያ ቀጭን ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየተሳበ፥ እየተሻሸም፥ ስንት ዘመን አሰማን! የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሲኖር፥ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና የኤሌክትሪክ ፒያኖውን ይዞ የቀዳውን ካሴት፥ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና ቢያሳትመው፥ አረጋዊው ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተመልሶ በአውሮፓና በአሜሪካ ይዞር ጀመር። ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ ያነሣው ሰው ስንት ቢት እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅማ ኃይሉ እስከ ዛሬ ታክሲ ላይ ነበር።

ወደ ኮምፒዩተሩ ልመለስ። የቦረናን የቱላ ጕድጓዶች ያየ ሰው ነገሩን ያለ መጽሐፍ ይረዳዋል። በዱብሉቅና በሌሎቹም ስፍራዎች እስከ 30 ሜትር የሚጠልቁት እነዚህ ጕድጓዶች ውሃቸው የሚወጣው፥ ወንዶች ከወለሉ እስከ ከብቱ ገንዳ በእርከን በእርከን ቆመው፥ ሙሉውን የቆዳ መቅጃ ወደ ላይ፥ ባዶውን ወደ ታች እየተቀባበሉ በዜማ ሲያሳልፉት ነው፤ ዜማውም ለጌጥ ሳይሆን እጅ ሁሉ በአንድ ልክ እንዲሄድ ነው፤ የከብቱንም ተራ አባ ሄሬጋ ቆሞ ይጠብቃል። እንግዲህ ከላይ፥ ሰው ሁሉ በሚያየው ከገንዳው አጠገብ፥ ጎልያድን ብናቆመው፥ ከታች በጨለማው ያለው ሰው ክንዱ ዝሎ እንደ ሆነ፥ ጎልያድ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል እንጂ ውሃው አይፈጥንም። ጎልያድ ማለት ያ አይ ሰቨን ነው። ከታች የዛለው ደግሞ በደቂቃ 5400 ጊዜ እየተሽከረከረ አንዲት ፋይል ለመፈለግ መርፌውን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው።

ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1967 በሒሳብ አስቀምጦታል። ከአንድ ሥራ ጊዜ እኩሌታው በጥበቃ የሚያልፍ ከሆነ፥ የቀረውን እኩሌታ መላእክት ወርደው ቢሠሩት እንኳ ጠቅላላው ሥራ ከእጥፍ በላይ አይፈጥንም። በአምዳል ላይ መላእክቱን የጨመርሁ እኔ ነኝ፤ እጥፉ ግን የእርሱ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከነገሌ መውጣት አያሻም። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚችው ከተማ የሰፈረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደር፥ የውሃ መሳቢያው ተበላሽቶበት፥ የመኰንኖቹን ጕድጓድ እንዳይጠቀም ተከልክሎ፥ ምግቡም ከፍቶበት ዐመፀ፤ ነገሩን እንዲያበርዱ የተላኩትንም ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ፥ ራሱ የሚበላውን አበላቸው፥ ራሱ የሚጠጣውንም አጠጣቸው። የጦሩ መሣሪያ በዝርዝር ቢነበብ የሚያኰራ ነበር፤ የጐደለው ግን መሳቢያ ነበር። ዐመፁ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛምቶ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ባዶ ሆነ። የታሪክ ሊቃውንት ለዚህ ሌላ ብዙ ምክንያት ይዘረዝራሉ፥ እውነታቸውንም ነው፤ እኔ ግን የማወራው ስለ ኮምፒዩተር ነው።

ቍጥር ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ደግሞ አልተባበረውም። ሁለት ጊጋ ራም ያለውን ኮምፒዩተር ወደ ስምንት ማሳደግ እውነተኛ ጽድቅ ነው፤ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ ማግባትም ከዚያ የሚበልጥ ነው፤ የመርፌው መመላለስ ዐሥር ሚሊ ሰከንድ ያህል የሚፈጅበትን ፍለጋ ኤስኤስዲ በአንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሰከንድ ይጨርሰዋልና። ስምንቱን ሠላሳ ሁለት ማድረግ ግን ቃለ ጕባኤ ለሚጽፍ ሰው ባዶ አዳራሽ ማከራየት ነው። ደግሞም አይ ሰቨን ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የተሠራው በዛሬው አይ ስሪ ብዙ ጊዜ ይቀደማል፤ ጄኔሬሽኑን የሚጠይቅ ግን በሻይ ቤቱ የለም።

ሙቀቱንና አቧራውንም መርሳት አይገባም። ፕሮሰሰር ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ በገዛ ፈቃዱ ፍጥነቱን ይቀንሳልና፥ በቀዝቃዛ ክፍል ተለክቶ የተጻፈለት ቍጥር የሞያሌን ቀትር ሲያይ ትሕትናን ይማራል። የቦረና ቀይ አቧራ ማራገቢያውን ደፍኖት እንደ ሆነ ደግሞ፥ አይ ሰቨኑ ከአይ ስሪው ይልቅ ቶሎ ይግላልና ቶሎ ይንበረከካል።

ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ወጣት ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ደንበኞቹ ያዝኑበታል። አንድ የመዝገብ ቤት ሹም ላፕቶፓቸውን ይዘው መጥተው «አሳድግልኝ» ቢሉት፥ አቧራውን በብሩሽና በንፋስ ጠርጎ፥ የደረቀውን ፔስት ቀይሮ፥ ኤስኤስዲ አስገብቶ ሰጣቸው። ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ይጠበቅ የነበረው ላፕቶፕ ስኒ ሳይቀርብ ተከፈተ። ሹሙ ግን አላዩትም፤ የሚያዩት ከቍልፎቹ በታች የተለጠፈችውን ምልክት ነበር።

«ፕሮሰሰሩ ስንት ሆነ?»

«ያው ኮር አይ ስሪ ነው ጋሼ።»

«ራሙስ?»

«ያው አራት ነው።»

«እንግዲያ ገንዘቤን ምን በላው?»

ወጣቱ ስለ ሃርድ ዲስክ መርፌ ሊያስረዳ ጀመረ፤ ከዚያ የሹሙን ፊት አይቶ ተወው። መሳቢያውን ከፈተ፥ ከተበላሸ ላፕቶፕ ላይ ተልጣ የተቀመጠች፥ «ኮር አይ ሰቨን» የምትል አንዲት ምልክት አወጣ፥ አሮጌዋንም ልጦ በቦታዋ ለጠፋት። ሹሙ ላፕቶፑን ዘግተው እንደ ገና ከፈቱት፥ ጥቂት ቃላት ጻፉበት፥ ከዚያም ጕሮሮአቸውን ጠርገው፥ «አየህ! አሁን ፈጠነ! ቅድም እኮ ይህ ነው የጐደለው» አሉና ሒሳቡን ከፍለው ሄዱ። በማግሥቱ በመሥሪያ ቤታቸው ወሬው ተሰማ፤ በሳምንቱ ከወጣቱ ደጃፍ ሰልፍ ሆነ። ሰልፈኛው ሁሉ አቧራውም ሳይጠረግ፥ ኤስኤስዲውም ሳይገባ፥ ምልክቷን ብቻ የሚፈልግ ነበር።

ሰሞኑን እኔም ሥራ ነበረኝና እዚያው ሄጄ ስጠባበቅ፥ ሹሙ ላፕቶፓቸውን በብብታቸው ሸጕጠው ደረሱ።

«አይ ናይን የሚባል መጥቷል አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ፤ ከወጣ ቈይቷል።»

«ለእኔ ማሽን ይሆናል?»

ወጣቱ መሳቢያውን ከፍቶ እስከ ታች ድረስ በረበረና፥ «ከሞያሌ እስኪመጣልኝ ይታገሡ፤ ሰባቷን ግን አሁኑኑ ይመልሱልኝ፤ ለሌላ ሰው ቀጠሮ ሰጥቼባታለሁ» አላቸው።